ስለ ባሮ ለማንበብ ጃፓንኛ መማር

ጃፓኖች ይቅርታ ሲጠይቁ «ጎመን» ይላሉ። ቀልድ አይደለም። ጠበቅ ሲያደርጉት ደግሞ «ጎመን ናሳይ» ይሆናል። ኦሳካ በደረስኩ ሰሞን አንድ የክፍሌ ልጅ እግሬን ረግጦኝ «ጎመን፣ ጎመን!» እያለ ሲያጎነብስ፣ ሆዴ ባዶ ስለነበር ምሳ ሊጋብዘኝ መስሎኝ ነበር። «ጎመን በጤና» ብዬ ብመልስለት ደስ ባለኝ፤ ግን ማን ይረዳኛል?

እንዲህ ዓይነት ቀልድ ብዙ አለኝ። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ አንድ መጽሐፍ ላወራችሁ ነው። ያደግኩት ጋምቤላ ከተማ ነው። አባቴ ከደጋ ተመድቦ የሄደ መምህር ነው፤ እኔ ግን ከባሮ ሌላ ወንዝ፣ ከማንጎ ዛፍ ሌላ ጥላ ሳላውቅ ነው ያደግኩት። ከዚያ የጃፓን መንግሥት የሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል ደረሰኝና ለመጀመሪያ ዲግሪ ሄድኩ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሄድ የውጭ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ በመሰናዶ ይቆያል፤ የዚያ ዓመት ዋናው ሥራ ደግሞ ጃፓንኛ ነው። ጠዋት ጃፓንኛ፣ ከሰዓት ጃፓንኛ፣ ሌሊት በሕልም ጃፓንኛ።

ከኦሳካ ወጣ ብሎ ሱይታ በሚባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ዓለም አቀፉ ኤክስፖ የተካሄደበት ሰፊ መናፈሻ ውስጥ ብሔራዊ የኢትኖሎጂ ሙዚየም አለ። ቤተ መጻሕፍትም አለው። አንድ ቀን እዚያ ስዞር ሙዚየሙ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ጥናቶች መድበል አገኘሁ። ገለጥ ገለጥ ሳደርግ «የወንዙ ሰዎች» የሚል ርእስ ያለው ጥናት ላይ ደረስኩ። ስለ አኙዋ ሕዝብ አኗኗር ነው፤ ስለ ወንዝ ዳር እርሻው፣ ስለ ዓሣው። ጸሐፊው ኩሪሞቶ ኤይሴይ የሚባል ጃፓናዊ አንትሮፖሎጂስት ነው።

ይኼ ሰው በዚያው ዓመት በጃፓንኛ ያሳተመው ሌላ መጽሐፍም አለ። ርእሱ ወደኛ ሲመለስ «በብሔር ግጭት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች» እንደማለት ነው፤ ስለ ደቡብ ሱዳን ፓሪዎችና ስለ ጋምቤላ አኙዋዎች። እሱንም ከመደርደሪያ አወጣሁት። ያኔ የማውቀው «ካታካና» የሚባለውን ፊደል ብቻ ነበር፤ ጃፓኖች የውጭ አገር ቃልና ስም የሚጽፉበት ነው። ስለዚህ ገጹ ሙሉ በማላውቀው ጽሑፍ ተሞልቶ፣ እዚህም እዚያም ማንበብ የምችላቸው ጥቂት ቃላት ብቻ ነበሩ። ሱ-ዳ-ን። ኤ-ቺ-ኦ-ፒ-ያ። ጋ-ን-ቤ-ራ። («ላ» የሚባል ድምፅ ስለሌላቸው «ራ» ይሉታል፤ ይቅር እንበላቸው።) ማንበብ የቻልኩት ለነሱ ባዕድ የሆነውን፣ ለኔ ደግሞ ሰፈሬ የሆነውን ብቻ ነው። በዙሪያው ምን እንደተባለ አላውቅም። በስሜ የተላከ ደብዳቤ ታሽጎ እጄ ላይ ያለ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጃፓንና ስለኛ የማስበው ሁሉ ተለወጠ። እስኪ ወደ ኋላ እንመለስ። (ዓመተ ምሕረቶቹ እ.ኤ.አ. ካላልኩ በስተቀር የኛ ናቸው።)

ጃፓን በአፋችን

የጃፓን ነገር አገራችን ውስጥ የቆየ ወሬ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1905 ሩሲያን ስታሸንፍ፣ ከዓድዋ ድል ገና ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር። ፊደል የቆጠረው ያገራችን ሰው ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ማስቀመጡ አይገርምም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1912 በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ውስጥ ጃፓንን ምሳሌ አድርገው አንስተዋል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት መነሻ ያደረገ ነው። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ያደጉ፣ ፈረንሳይ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ መቼም የሜጂን ሕግ በጃፓንኛ አላነበቡትም። እንደ ጃፓን እንሁን የሚሉትን እነዚህን ምሁራን በኋላ የመጡ የታሪክ ጸሐፊዎች «ጃፓናይዘሮች» ብለዋቸዋል።

ጃፓን በሐሳብ ብቻ ሳይሆን በጨርቅም መጥታ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ገበያ አቡጀዲ በአብዛኛው ከጃፓን የሚመጣ ነበር፤ አሜሪካኑን በርካሽነቱ አባረረው። አንድ ገበሬ ስለ ሜጂ ምንም ሳይሰማ የኦሳካ ጨርቅ ለብሶ ገበያ ይውል ነበር ማለት ነው። በንጉሡ ዘውድ በዓል በጥቅምት 1923 የጃፓን መልእክተኛ ተገኘ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኅዳር ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚያ ዘመን ወጣቶቻችን ወደ እስክንድርያ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ፓሪስ፣ ወደ ለንደን፣ ወደ አሜሪካ እየተላኩ ይማሩ ነበር። ፈረንሳይኛ የሚያቀላጥፍ፣ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ተፈጠረ። እንደ ጃፓን እንሁን የሚለው ሁሉ ግን ጃፓንን የሚያውቃት በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ በኩል ነበር። በሌላ ሰው መነጽር ያየናትን አገር ነው አርአያ ያደረግነው።

ብላቴን ጌታ ያዩት

በ1924 መጀመሪያ፣ ጥቅምትና ኅዳር ግድም፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ገቡ። አብረዋቸው የንጉሡ ዘመድ ልጅ አርአያ አበበ፣ ተፈሪ ገብረ ማርያምና አስተርጓሚው ዳባ ብሩ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ተቀበሏቸው። ፋብሪካ አዩ፣ ቤተ መቅደስ አዩ፣ ትምህርት ቤት አዩ። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ለጃፓኑ የተሰጡት አንበሶች ቶኪዮ ኡዌኖ መካነ አራዊት ገቡ። (አንበሶቹ ያሳዝኑኛል። እ.ኤ.አ. በ1943 ጦርነቱ ሲከፋ የኡዌኖ አደገኛ አራዊት እንዲገደሉ ትእዛዝ ወጣ፤ የኛዎቹም አልተረፉም።)

ኅሩይ ሲመለሱ በዚያው ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። ርእሱ ራሱ ስሜቱን ይናገራል። የብርሃን ማደሪያ! ሁለቱ አገሮች በረጅም የነገሥታት ሐረግና ነፃነትን በመጠበቅ እንዴት እንደሚመሳሰሉ የሚተነትን፣ በአድናቆት የተሞላ ሥራ ነው። የሚገርመው መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሞ ቶኪዮ ላይ ታተመ። ተርጓሚው ማን መሰላችሁ? ኦሬስቴ ቫካሪ የሚባል ቶኪዮ የሚኖር ጣሊያናዊ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ። እኛና ጃፓን ለመነጋገር ጣሊያናዊ ያስፈለገን ዘመን ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስለምታውቁ ፈገግታችሁን ያዝ አድርጉት።

አሁን የዚህን ጉዞ ቀን መቁጠሪያ እዩልኝ። የጃፓን ጦር ማንቹሪያ ውስጥ ሙክደን ላይ ሰበብ ፈጥሮ ቻይናን መውረር የጀመረው መስከረም 7 ቀን 1924 ነው። ኅሩይ ጃፓን የደረሱት ከዚህ በኋላ ነው፤ ልዑካኑ ሲጎበኙ ወረራው እየሰፋ ነበር። የጃፓን ጋዜጦች ስለዚሁ ከመጻፍ ቦዝነው አያውቁም። ብላቴን ጌታ የግዕዝ ሊቅ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አባት የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ያየውን ሁሉ ጽፈዋል። ግን ማታ ሆቴላቸው በር ላይ የሚጣለውን ጋዜጣ የሚያነብላቸው ሰው አብሯቸው አልነበረም። የብርሃን ማደሪያ ያሏት አገር፣ ጣሊያን ከአራት ዓመት በኋላ በኛ ላይ የምታደርገውን ያኔ በጎረቤቷ ላይ እያደረገች ነበር።

እሳቸውን መውቀሴ አይደለም። እንግዳ የሚያየው ያሳዩትን ነው፤ እኔም በመጀመሪያው ወር ያየሁት ንጹሕ ባቡርና አበባ ብቻ ነበር። ግን ቋንቋ የሌለው አድናቆት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጅ አርአያ ጃፓናዊት ማግባት ፈለጉ፤ የቫይካውንት ኩሮዳ ልጅ ማሳኮ ታጨች፤ የጃፓንም የአውሮፓም ጋዜጦች ጉድ አሉ። ሙሶሊኒ ነገሩ አላማረውም፤ በ1926 ጋብቻው ሳይፈጸም ቀረ። ጣሊያን ልትወረን ስትዘጋጅ ብዙ ተራ ጃፓናውያንና ቀኝ ዘመም ማኅበራት ከኢትዮጵያ ጎን ቆመው ጮኹ። አዲስ አበባም ተስፋ አደረገች፤ ዳባ ብሩ በ1927 እንደገና ቶኪዮ ተላኩ። ከሕዝብ ጩኸት ሌላ ግን የተገኘ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ጃፓን አዲስ አበባ የነበራትን ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ የጣሊያንን ወረራ ተቀበለች፤ ጣሊያን በፋንታዋ ማንቹሪያ ውስጥ ቆንስላ ልትከፍት። እኛ በማንቹሪያ ተለወጥን። ኅሩይ በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ።

ከጦርነቱ በኋላ ወሬው እንደገና ተጀመረ። ከበደ ሚካኤል በ1946 «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን ጻፉ፤ ንጉሡ በኅዳር 1949 ቶኪዮ ሄዱ፤ አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 በቶኪዮ ጎዳናዎች ላይ ሁለተኛውን የኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ወሰደ። አበበን ዛሬም የሚያስታውሱ የጃፓን ሽማግሌዎች አሉ፤ ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው ስሜን ሳይጠይቁ «አበበ!» ይሉኛል። በዚህ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።

በዚያን ጊዜ ጋምቤላ

ይህ ሁሉ ሲሆን የኔ ከተማ የት ነበረች? ብትሉኝ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተሰጠ፤ ጋምቤላ ከተማ የተፈጠረችው ከዚህ ነው። ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም ይመጣል፤ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭኖ ይመለሳል። ጣቢያው በሱዳን አስተዳደር ሥር ቆይቶ ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልብ በሉ፣ ንጉሡ ጃፓን በሄዱበት በዚያው ዓመት።

ስለ አኙዋ ሕዝብ መጀመሪያ በስፋት የጻፉት የጣቢያው ባለቤቶች ወገኖች ነበሩ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1912 ከአኙዋው መስፍን ከአክዌይ ዋ ቻም ጋር ተዋግተው ብዙ ሰው አጥተዋል። ታዋቂው የእንግሊዝ አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ አኙዋ የፖለቲካ ሥርዓት መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ ራሱ የአኙዋ ተዋጊዎችን መርቶ ድንበሩ ላይ ጣሊያንን ይወጋ ነበር። ብዕርና ጠመንጃ አንድ ላይ ማለት ነው።

ጃፓናዊው የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ኩሪሞቶ ሥራውን የጀመረው ከ1970 ዓ.ም. ግድም አንስቶ በደቡብ ሱዳን ፓሪዎች ዘንድ ነበር። ፓሪና አኙዋ ሁለቱም የሉኦ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው፤ ኬንያ ካሉት ሉኦዎችና ከኡጋንዳ አቾሊዎች ጋር ይዛመዳሉ። የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲያገረሽ እዚያ መሥራት አልተቻለም፤ በሰማንያዎቹ (በፈረንጁ) መጨረሻ ድንበሩን ተሻግሮ ጋምቤላ ገባ።

የገባበትን ዘመን አስቡት። በ1977 እና በ1978 ደርግ ከድርቁ አካባቢዎች ያመጣቸው ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ጋምቤላ ሰፍረዋል። ኢታንግ ላይ በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ የሆነ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ጣቢያ አለ። የሱዳን አማጽያን አሉ፣ የደርግ ካድሬ አለ፣ ትልቁ የባሮ ድልድይ አለ። ከዚያ ግንቦት 1983 መጣና ሁሉም ነገር በአንድ ክረምት ተገለበጠ። ከደርግ መጨረሻ እስከ ክልሉ መመሥረት ያለውን ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ሆኖ እያየ የጻፈ ተመራማሪ ስንት ነው? በጣም ጥቂት። ከነሱ አንዱ ማስታወሻውን ይዞ የሄደው ወደ ኦሳካ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያመኝ። ጋምቤላ ውስጥ ታሪክ የሻይ ቤት ጨዋታ አይደለም። ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን መሬት ወሰደ፣ ማን እንግዳ ነው፤ ይህ ጥያቄ ሰው ያጋድላል፣ ገድሏልም። እኔ የመምህር ልጅ ነኝ፤ በአንዱ ዓይን የከተማው ልጅ፣ በሌላው ዓይን ደገኛ። ትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ ስለ አክሱምና ስለ ጎንደር ነበር፤ ስለ አኙዋ ኝዬያዎች፣ ስለ ጥሎሽ ዶቃው ስለ ድሙይ፣ ስለ ኑዌር፣ ስለ ማጃንግ፣ ስለ ኮሞና ኦፖ ምን ተማርን? የዘፈንና የዳንስ ሳምንት ሲሆን ብቻ። ስለዚህ ክርክር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ከአያቱ የሰማውን ነው፤ የማንም አያት ደግሞ ራሱን በዳይ አድርጎ አይተርክም።

ጃፓናዊ ስለጻፈው እውነት ነው አልልም። ተመራማሪም ወዳጅ አለው፣ አስተናጋጅ አለው፣ የቀረበው ወገን አለው። ሰውየው በብዛት የኖረው ከአኙዋዎች ጋር ነው፤ ኑዌር ጓደኛዬ ቢያነበው የሚከራከርበት ነገር እንደማያጣ እገምታለሁ። መከራከር የሚቻለው ግን ሲነበብ ነው።

አቅጣጫው ሲገለበጥ

ኩሪሞቶ ብቻውን አይደለም። ፉኩይ ካትሱዮሺ ከሰባዎቹ (በፈረንጁ) ጀምሮ ኦሞ አካባቢ ቦዲዎች ዘንድ እየተመላለሰ ከብት ቀለም ላይ ስንት ስም እንዳለ ሲቆጥር ኖረ። ሳቶ ሬንያ የሚባል ሌላ ተመራማሪ ስለ ማጃንግ ጫካና አሰፋፈር ጽፏል። ዋካሳ ሞቶሚቺ እ.ኤ.አ. በ2008 ቶኪዮ ላይ የጨረሰው የዶክትሬት ጥናት የወላይትኛ ሰዋስው ነው። በታኅሣሥ 1990 ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ፣ አሥራ ሦስተኛው፣ የተካሄደው ኪዮቶ ነው፤ ጽሑፎቹ በሦስት ወፍራም ቅጽ ታትመዋል፤ ኩሪሞቶ በጋምቤላ የብሔር ጉዳይ እንዴት ወደ ፖለቲካ እንደተለወጠ ያቀረበው ጥናትም እዚያ ውስጥ አለ።

ታዲያ ሒሳቡን ሥሩት። እኛ ሳንማራት ጃፓንን መቶ ዓመት ስናደንቅ፣ እነሱ ሳያደንቁን (ምናልባት እያደነቁን) ቋንቋችንን እየተማሩ ጻፉን። አንድ ጃፓናዊ ከጋምቤላ ሰዎች ጋር በቋንቋቸው ሲያወራ፣ እኔ እዚያው ተወልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ የማውቀው አኙዋኛ ከሰላምታ፣ ከስድብና ከኳስ ሜዳ ትእዛዝ አያልፍም ነበር። አላፈርኩም ብል ውሸት ነው።

ዛሬ የጃፓንን ቋንቋና ባህል ብቻ ለመማር የተዘጋጀ የአንድ ዓመት ነፃ ትምህርትም አለ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይወዳደሩበታል። ችግሩ አመልካቹ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋና ትምህርቱ ጃፓንኛ ወይም የጃፓን ባህል መሆን አለበት። ለጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህ ደንብ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ እተወዋለሁ። እኔ የገባሁት በሌላው በር ነው፤ የምማረውም ሌላ ነገር ነው። ጃፓንኛው መሰናዶ ነበር፤ አሁን ግን ዋናው እሱ ሆኖ ቀርቷል።

ፊደል እንደገና

ለምትፈሩት አንድ የምሥራች ልንገራችሁ። ጃፓንኛ ለአማርኛ ተናጋሪ እንደ እንግሊዝኛ የተገለበጠ አይደለም። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፣ ልክ እንደኛ። «ዋታሺ ዋ ሆን ኦ ዮሚማሽታ» ማለት «እኔ መጽሐፍን አነበብኩ» ነው፤ ቃል በቃል በዚያው ቅደም ተከተል። «ሆን» መጽሐፍ፣ «ኦ» የኛዋ «ን»። አሜሪካዊው የክፍሌ ልጅ ግሱን ፍለጋ ዓረፍተ ነገሩን ሲያገላብጥ እኔ ዘና ብዬ እጠብቅ ነበር።

የአክብሮቱ ነገርማ አይነሳ። «ብላ»ና «ይብሉ» የለመደ ልጅ እዚያ አይደናገጥም። እነሱ ግን ይብሳሉ፤ ለተራው ሰው «ታቤሩ» የሚለውን ግስ ለተከበረ ሰው ሙሉ በሙሉ ጥለው «ሜሺአጋሩ» ይላሉ። መምህሩ «ሴንሴይ» ነው፤ እንደ የኔታ ያለ ክብደት አለው። ሴንሴዬ ፊት እጄን ኪሴ ውስጥ ስከት አባቴ የሚያየኝ ይመስለኛል።

ፊደላቸው ሦስት ነው። «ሂራጋና» እና «ካታካና» ኻያ ኻያ ቢጤ አይምሰላችሁ፤ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ቅርጾች አሏቸው፤ እንደኛ አንዱ ፊደል አንድ ሙሉ ድምፅ ነው። 231 ቅርጽ ሀ ሁ ሂ እያለ በዜማ ያጠና ሰው 92ቱን በሁለት ሳምንት ይጨርሳል። ልዩነቱ፣ የኛ «ከ» ቅጥያ እየጨመረች «ኩ»፣ «ኪ»፣ «ካ» ስትሆን ዘመዷ መሆኑ ያስታውቃል፤ የነሱ «ካ»ና «ኪ» ግን ተዋውቀው አያውቁም። ሦስተኛው «ካንጂ» ነው፣ ከቻይና የመጣው የሥዕል ጽሑፍ። ለዕለት ተዕለት ንባብ በመንግሥት የተወሰነው ብቻ 2,136 ነው። እዚህ ላይ ቀልዱ ያበቃል። የኩሪሞቶን መጽሐፍ የሚሸፍነው ይኸው ነው፤ «መንግሥት»፣ «ብሔር»፣ «ስደተኛ»፣ «ጦርነት»፣ ሁሉም በካንጂ።

በሁለተኛው ዓመት መጽሐፉን እንደገና ተዋስኩ። አንድ ገጽ አንድ ምሽት ይፈጅብኛል። መዝገበ ቃላት፣ ደብተር፣ ሻይ። የከበደኝን ዓረፍተ ነገር ይዤ የምኖርበት ሕንፃ ያሉ ጃፓናውያንን እጠይቃለሁ፤ እነሱም ካንጂውን ያነቡልኝና «ግን ይኼ ቦታ የት ነው?» ይሉኛል። ካርታ እሥላለሁ። ባሮን እሥላለሁ። አንዱ ልጅ «ወንዙ የሚሄደው ወዴት ነው?» ሲለኝ «ሶባት ሆኖ ዓባይ ይገባል፤ ከዚያ ግብፅ» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ቀጥሎ ምን ተባለ እያለ ይጠይቀኛል።

እስካሁን ያገኘሁት ትንሽ ነገር ነው፤ ግን አንዱን ላካፍላችሁ። በአማርኛ ለዘመናት «አኙዋክ» እያልን ስንጽፍ ኖረናል፤ የእንግሊዞቹም መጻሕፍት እንዲሁ ይላሉ፤ መጨረሻ ላይ «ክ» አለች። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ግን «አኙዋ» ብሎ ነው። የጃፓኑ መጽሐፍ በካታካና የሚጽፈው አ-ኙ-ዋ ብሎ ነው። «ክ» የላትም።

ይህን ባየሁ ማታ ጋምቤላ ደወልኩ፤ አብሮኝ የተማረ የአኙዋ ልጅ ነው፤ ኳስ ሜዳ ላይ እሱ ሁልጊዜ በረኛ፣ እኔ ሁልጊዜ ተቀያሪ።

«ስማ፣ እናንተን የጻፈ የጃፓን መጽሐፍ እያነበብኩ ነው።»

«ምን ብሎ ጻፈን?»

«ገና ነኝ። ስማችሁን ግን አስተካክሎ ነው የጻፈው። አኙዋ ብሎ። ‹ክ› የለውም።»

ትንሽ ዝም አለ። «አንተ እኮ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አኙዋክ ነበር የምትለኝ።»

«ጎመን» አልኩት።

«ምን?»

«ተወው። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ገጽ ተርጉሜ እልክልሃለሁ፤ የቦታዎቹን ስም አንተ አርምልኝ።»

«በአማርኛ ነው የምትልከው?»

«በአማርኛ።»

«እሺ፤ እኔ ወደ አኙዋኛ አደርገዋለሁ» አለኝ። «ላባቴ ማንበብ አለብኝ፤ አንዳንዱን ሰውዬ ሊያውቁት ይችላሉ።»